ስለ ዓይንሽና ስለ ጣቶችሽ

ሆዴ እንደምን አለሽልኝ፣

ትናንት በቪዲዮ ስናወራ ግራ ዓይንሽ ደም መስሎ አየሁት፣ "እንቅልፍ አጥቼ ነው እማ" ብለሽ አለፍሽው፣ ግን ባለፈው ወር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፣ ሥራ ለመውጣት ጫማዬን ማሰር ያቅተኛል ብለሽኝ ነበር እኮ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳስበው እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ፣ ደብዳቤው ረዘመ ብለሽ ሳታነቢው እንዳትተይው።

የኔን ታውቂያለሽ ግን ሁሉን አልነገርኩሽም። መጀመሪያ ሪህ ነው ተባልኩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ነው አለ፣ በኋላ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ የራስ መከላከያ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ፣ ሆኖ ተገኘ። እሺ እሱንስ ለመድኩት፣ የእንባዬን መድረቅ ግን ማን ከእጅ ጋር ያያይዘዋል? ለፋሲካ ሽንኩርት ሳፋ ሙሉ ስከትፍ እህትሽ እንባዋ ይወርዳል እኔ ምንም፣ እስቅ ነበር። የአጎትሽ ለቅሶ ላይ ግን ሆዴ እያረረ አንድ ጠብታ እምቢ አለ፣ ሴቶቹ ሲያዩኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግኩ።

ከዛ ዓይኔ ሲቀላ ዓይነ ማዝ ነው ብዬ ያለ ትዕዛዝ ጠብታ ገዛሁ፣ ለካ ስቴሮይድ የሚሉት ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት ነው፣ ሁለት ቀን ረገብ ይልና ብሶ ይመለሳል። ዓይነ ማዝ ያሳክካል አይናር ያመጣል፣ ይሄ ግን ከውስጥ ይጠዘጥዛል፣ ግንባሬንና መንጋጋዬን ይዞ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። የዓይን ሐኪሙ መጀመሪያ ያለኝ ምን መሰለሽ፣ "እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ"! ስክለራይተስ ነው አለ፣ የዓይን ነጩ ተቆጥቶ፣ መገጣጠሚያዬን የሚያጠቃው የራሴው መከላከያ ነው ወደ ዓይኔም የዞረው። ቀጭን ወረቀት ከታችኛው የዓይኔ ቆብ ውስጥ ሰክቶ 5 ደቂቃ ዓይኔን አስጨፈነኝ፣ የረጠበው 2 ሚሊሜትር፣ 5 እና ከዛ በታች ከሆነ እንባው አንሷል ማለት ነው። ሾግረን የሚሉት እንባን የሚያደርቅ በሽታም አለብሽ ተባልኩ። ሾግረን የስዊድን የዓይን ሐኪም ስም ነው፣ በፈረንጅ 1933 ዓይናቸው ስለደረቀ 19 ሴቶች ሲጽፍ 13ቱ የመገጣጠሚያ ሕመምም ነበረባቸው። እነዚህ በሽታዎች እንደ ቡና ማኅበርተኛ ናቸው፣ ሩማቶይዱ፣ ሉፐስ የሚሉት ሌላው የራስ መከላከያ በሽታ፣ ሾግረኑ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላውን ይጠራል።

አንቺም ይሄው አለብሽ ማለቴ አይደለም፣ እግዜር ያርቀው። ግን ለዓይን ሐኪሙ ስለ ጣትሽ፣ ለመገጣጠሚያው ሐኪም ስለ ዓይንሽ ንገሪ፣ እዛ ሁሉም የየራሱን ብቻ ነው የሚያይ ብለሽኛል። ብርሃን ካስጠላሽ ወይ እይታሽ ከደበዘዘ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዛኑ ቀን ሂጂ። የጓደኛ ጠብታ እንዳትነኪ፣ ስቴሮይድ ሲቆይ የዓይን ግፊት ያመጣል፣ ሞራም ያመጣል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚሉትን የነዚህን በሽታዎች ክኒን ካዘዙልሽ ኪሎሽን ይመዝኑሽ፣ በኪሎ በቀን ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ሬቲናሽንም፣ ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ክፍል፣ ገና ስትጀምሪ ያዩልሽ።

ቀጠሮ ስትይዢ ቀኑን ላኪልኝ። ደግሞ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ያቺን በነጠላ ነጠላ ፍሬ የታሸገችውን፣ እንባ የምትተካዋን ጠብታ አትርሺኝ፣ የቀረችኝ አራት ፍሬ ናት።

እናትሽ