ለውድ ደንበኞቻችን፦ ስለ ፍተሻ ክፍያው

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን ስለ ጥገና ቤታችን «እዚያ ቤት ምንም ሳይቀይሩ ብር ይቀበላሉ» እየተባለ መሆኑን ሰምተናል። ፊት ለፊት የነገራችሁን አላችሁ፤ እናመሰግናለን። ዞር ብላችሁ ያወራችሁም አላችሁ። ቅር ላሰኘናችሁ ሁሉ ይቅርታ። ብልሽቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለክተን ለማግኘት የምናስከፍለውን የፍተሻ ክፍያ ግን አናስቀርም። ምክንያቱን ደግሞ ከእኛው ከአፋችን ብትሰሙት ይሻላል።

ወሬው የተነሳው በአሮጌዋ የአትክልት ትራክተር ነው። በራችን ላይ ቆማ ብዙዎቻችሁ አይታችኋታል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኢሌክ-ትራክ» ብሎ የሠራት ናት፤ እንዲህ ያሉትን ለገበያ ማቅረብ የጀመረው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ነዳጅ የሚባል አታውቅም። ስድስት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው 36 ቮልት ይሰጧታል። ደንበኛችን «ሜዳ ላይ ትሄዳለች፣ ዳገት ስታይ ቀጥ ትላለች። ባትሪዋ ሞቷል፣ ስድስቱንም ቀይሩልኝ» ብለው መጡ።

እሺ ብንላቸው ተጠቃሚዎቹ እኛ ነበርን። የስድስት ባትሪ ትርፍ ቀላል አይደለም። ግን ሳንለካ አንቀይርም አልን። ቆማ ስትለካ ከ38 ቮልት በላይ አሳየች፤ ሙሉ ናት ማለት ነው። የቆመ ባትሪ ግን ያታልላል። ስለዚህ ጭነት አስረንባት ዳገት ላይ እየነዳን ለካን። ባትሪዎቹ ያን ያህል አልወረዱም። ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ቮልት ግን ከዚያ ያነሰ ነው። መንገድ ላይ የሚቀር ነገር አለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይዞ ሽቦ ለሽቦ መሄድ ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው እርሳስ (ኬብል የሚታሰርበት ጫፍ) ላይ፣ ሌላውን እዚያው የታሰረው ኬብል ላይ ታደርጋላችሁ። እየሠራች እያለ በሁለቱ መካከል 0.2 ቮልት እንኳ ከተገኘ ብዙ ነው። አንዱ ጋ ከ4 ቮልት በላይ አገኘን። የኬብሉን ላስቲክ ስንገፍፈው የአሲዱ ትነት ሰርጎ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ በልቶታል። ከላይ ሲያዩት ኬብሉ አዲስ ነው የሚመስለው። ሞተሩ 60 አምፔር ቢስብ እዚያች ጫፍ ላይ ብቻ ከ240 ዋት በላይ ወደ ሙቀት ተቀይሮ ይባክናል። እጅ አታስነካም ነበር። ኮንታክተሩም (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ማብሪያ) ሲከፈት መገናኛዎቹ ጠቁረው ተቦርቡረዋል። ጫፉን ቆርጠን በአዲስ አሰርን፣ ኮንታክተሩን ጠረግን፣ ዳገቱን ወጣች።

ሂሳቡ ሲቀርብ «ምን ቀየራችሁና?» ተባልን። ይህ ነው የጎዳን። ሐኪም ቤት ለካርድ ይከፈላል፤ ሐኪሙ መርምሮ «ደህና ነህ» ቢል ገንዘቤን መልሱ የሚል የለም። እኛ የስድስት ባትሪ ወጪ ስላዳንን ሌባ ተባልን።

ቻርጀሯንም «አንሰካም» በማለታችን ተወቅሰናል። ቻርጀሯ የተሠራችው ለአሜሪካ ሶኬት፣ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርደዋል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም፤ ውስጧ ያለው ብረት ከልኩ በላይ ይግላል። ቢቃጠል ደግሞ ማን ሊጠየቅ ነው?

ይህን ቤት የከፈተው አባቴ ነው። ከደብረ ሲና ጣርማ በርን ወጥተው የሚመጡ ከባድ መኪኖች እዚህ ያድሩ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። በውርጭ ያደረ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል አባቴ ዲናሞና ሞተሪኖ (ማስነሻውን) ፈትቶ ሽቦውን በአዲስ ይጠቀልላል። በእኛ ብርድ ደህናው ባትሪም ጠዋት ጠዋት ይሰንፋል፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ባትሪን የሚጠረጥረው። አባቴ ፍተሻ አያስከፍልም ነበር፣ እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን መኪናው ውስጥ የነበረው ሽቦ ጥቂት ነው፤ በዓይን ይታያል።

አሁን ነገሩ ተቀይሯል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የመዳብ ኬብል በሜትር ስንገዛ ዋጋውን ደግመን ነው የምንጠይቀው፤ የተሳሳትን እየመሰለን። የቤት ኪራዩን አናንሳው። አብረውን የሚሠሩት ልጆች ደግሞ ሲለኩ የዋሉበትም ቀን ደሞዝ ይፈልጋሉ። ጥሩ ጥሩዎቹን አዲስ አበባ እየወሰደብን ነው።

ስለዚህ የፍተሻው 600 ብር አስቀድሞ ይከፈላል። ጥገናውን እኛ ከሠራነው ከሂሳቡ ላይ ይቀነሳል። የገበሬ ውኃ መሳቢያ ሞተር ከሆነ ፍተሻው እንደ ድሮው በነጻ ነው፤ ይህን የምናደርገው በአባቴ ቃል ነው። ባትሪ ሳንለካ አንሸጥም፣ «ግድ የለም ሽጡልኝ» ብትሉም።

ከጫጫና ከአንኮበር ድረስ ዕቃ ይዛችሁ የምትመጡ፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የምታውቁን፣ እናንተን ማጣት አንፈልግም። ሂሳብ ያልገባችሁ ካላችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ፤ የለካነው ቁጥር ሁሉ ደብተር ላይ አለ፣ አብረን እናየዋለን። ዕቃ ስታመጡም ቻርጀሩን አብራችሁ አምጡ። የተነቀለ ሽቦ ካለ ደግሞ ራሳችሁ መልሳችሁ አታገናኙት፤ እንደተነቀለ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ቤቱ ባለቤት
ደብረ ብርሃን