ለእማዬ፣ ስለ ቆርቆሮው

ጅማ፣ ኅዳር 2017

እማዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ? የደብረ ብርሃን ብርድ በኅዳር መቼም አይጣል ነው። እኔ ደህና ነኝ። ስልክ ላይ "አይሰማኝም፣ ጮክ በይ" ስለምትዪኝ ነው የጻፍኩት። እህቴ ታንብብልሽ፤ ከቸኮለች አስቁሚያት።

ባለፈው "ማታ ማታ የምትማሪው ምንድነው?" ብለሽኝ ነበር። ማክሮ ኢኮኖሚክስ ነው፣ ሁለተኛው። የመጀመሪያው ቃላቱን ብቻ ያስተዋውቃል። ይሄኛው ጣጣውን ያመጣል፤ ኑሮ ሲወደድ፣ ሥራ ሲጠፋ መንግሥትና ብሔራዊ ባንክ ምን ያድርጉ የሚለውን። ሚድ ፈተና ላይ ተበላሁ። ብሔራዊ ባንክ ገንዘብ ሲያጠብቅ፣ ማለትም ብድር ሲያስወድድና ሲያሳንስ፣ ሥዕሉ ላይ ወደ ግራ መሄድ ያለበትን የፍላጎት መስመር ወደ ቀኝ ወሰድኩት። ቀኑን ሙሉ ባንክ ውስጥ ብር ስቆጥር እየዋልኩ!

መምህሩ ስለ መዘግየት ሲያስረዳ ግን የታየሽኝ አንቺ ነሽ። መንግሥት ችግሩን እስኪያውቅ ጊዜ ይሄዳል። እስኪወስን ሌላ ጊዜ። የወሰነው እስኪሠራ ደግሞ ወራት ያልፋል፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። ልጅ ሆኜ መጋገር ስታስተምሪኝ ትዝ ይልሻል? እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲለኝ ማገዶ ጨመርኩ። አሁንም አላወጣም፣ ደገምኩ። ሦስተኛው እንጀራ ሥሩ ከሰለ። "የጨመርሽውን እሳት ምጣዱ የሚሰማው ቆይቶ ነው፣ አንቺ ችኩል" ብለሽ ግማሹን እንጨት ጎትተሽ አወጣሽው። ቦርዱ ላይ በቀስት የተሳለው እሱ ነው።

እንጨት ካልኩ አይቀር አንድ ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ በ1980 እንደ ፈረንጆቹ ዋጋ በዓመት ከ13 በመቶ በላይ ይጨምር ነበር። ፖል ቮልከር የሚባለው የማዕከላዊ ባንካቸው ሹም ገንዘቡን አጠበቀ፣ ወለዱ 20 በመቶ ገደማ ደረሰ። ቤት የሚገዛ ጠፋ። ቤት ሠሪዎቹ ተናደውበት ቁራጭ ጣውላ በፖስታ ይልኩለት ነበር! በ1982 መጨረሻ ሥራ አጡ 10.8 በመቶ ሆነ። የዋጋው ጭማሪ ግን ረገበ። መምህሩ "ተሳካለት" አለ። እኔ ጣውላ ላኪዎቹን አሰብኩ።

እዚህም እያየሁት ነው። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ገድቧል። አሁን የቡና ለቀማ ነው። ነጋዴው ቀይ እሸት መግዣ ብድር ፈልጎ መስኮቴ ጋ ይቆማል፤ የብድሩ ገደብ ሞልቷል ብዬ እመልሰዋለሁ። ለዋጋ ንረቱ ልክ ነው፣ አውቃለሁ። ፊቱን ማየት ግን ይከብዳል።

አከራዬ ደግሞ ጓሮዋ አልጋ ላይ ቡና አስጥታለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። "ዘንድሮ ቡናችን ዋጋ ሊያወጣ ነው" ብላ ደስ ብሏት ነበር። ከሱቅ ዘይት ይዛ ስትመለስ ግን፣ ዘይቱ ተወድዶባት፣ ምንዛሪውን የለቀቁትን ሰዎች ስትረግም ሰማኋት። የአንድ ምዕራፍ ትምህርት በአንድ ቀን።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። ሚያዝያ ላይ በ60 ሺህ ብርሽ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ልግዛ ስትዪኝ "ተዪው፣ ባንክ ይቀመጥ፣ ይወልዳል" ያልኩሽ እኔ ነኝ። የባንክ ሠራተኛ ነኛ! ወለዱ 7 በመቶ ነው። ዋጋው ያኔ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ይጨምር ነበር። አስቢው፤ ብርሽ በዓመቱ 64,200 ይሆናል፣ የ60 ሺሁ ዕቃ ግን ከ72 ሺህ በላይ ይገባል። ይህ ዶላሩ ሳይነሳ ነው። የቆርቆሮው ብረት ከውጭ ነው የሚመጣው። አንቺ "ብር ቤት ውስጥም ባንክ ውስጥም ያልቃል" ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ሳቅሁ። ይቅር በዪኝ።

የጎደለውን እኔ እሞላለሁ፣ እንዳትከራከሪኝ። አናጢውን ጥሪና ጣሪያውን ያስለካ፤ ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈጅ እህቴ ትጻፍልኝ። ለገና እመጣለሁ። እዚህ የገዛሁልሽን በርጩማም ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ሦስት እግር ነው፣ ጉልበትሽን አያስቸግርሽም።

ልጅሽ