ይድረስ ለጽጌ፤ የእማማን ቤት ከመሸጥሽ በፊት

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ጽጌ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? አባታቸውስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ እንደምታውቂው ነው። ይህን የምጽፍልሽ ማታ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ከሰሉን አጠገቤ አስጠግቼ ነው።

ለእናትሽ ለእማማ ለቅሶ አለመድረሴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ሰሞን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ግን መምጣት እችል ነበር። አርባው አለፈ። ሰማንያው አለፈ። አሁን ደውዬ ምን ልበላት እያልኩ ቀን በቀን ላይ ተደራረበ፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በይኝ።

ለጥር ሥላሴ ወንድምሽ መጥቶ እኔ ጋ ቡና ጠጣ። አዲስ አበባ አፓርታማ ልትገዙ እንደሆነ ነገረኝ። እሰይ ብያለሁ። ቀጥሎ ያለኝ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ለቅድመ ክፍያው የእማማን ቤት ልትሸጡ፣ የቀረውን ከባንክ በ15 ዓመት ልትበደሩ ነው አለኝ። ዝም ካልኩ ሁለተኛ ጥፋት ይሆንብኛል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ደመወዝ ሳሰላ ነው የኖርኩት። እንዲያም ሆኖ በማኅበር ያገኘነውን ቦታ ሠርተን ለመጨረስ 400 ሺህ ብር ስንበደር፣ የወሩን ክፍያ ብቻ አይቼ ፈረምኩ። ለ15 ዓመት፣ በ16 በመቶ ወለድ፣ በወር 5,875 ብር። እንችለዋለን አልን። ቻልነውም። ዓመት ሲሞላ ባንክ ሄጄ ስቴትመንት አስወጣሁ። በዓመቱ የከፈልነው 70 ሺህ ብር አልፏል። ከብድሩ የቀነሰው 7 ሺህ ብር ብቻ ነው! ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት። መስኮቱ ላይ ያለውን ልጅ «ተሳስታችኋል» አልኩት። ልጁ ትሁት ነበር። ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። ወለዱ የሚታሰበው ባልተከፈለው ዕዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ዕዳው ሙሉ ስለሆነ የምትከፍይውን ወለዱ ይበላዋል። ዋናው ብድር የሚነካው በትርፍራፊው ነው።

እናንተ ስንት እንደምትበደሩ ወንድምሽ በደንብ አያውቅም። ስለዚህ በ1 ሚሊዮን ላስላልሽ፤ አንቺ በብድራችሁ ልክ አባዢው። ወለዱን 16 በመቶ እንበል፤ የባንካችሁ ከተለየ የእሱን አስገቢበት። በ15 ዓመት ከሆነ በወር 14,687 ብር ትከፍላላችሁ። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 13,333ቱ ወለድ ነው። እስኪያልቅ የምትከፍሉት 2 ሚሊዮን 643 ሺህ ይሆናል። በ10 ዓመት ቢሆን ግን በወር 16,751 ብር ነው። በወር የጨመራችሁት 2 ሺህ ብር ገደማ ነው። እስከ መጨረሻው የሚተርፋችሁ ግን ወደ 633 ሺህ። ለእያንዳንዱ ሚሊዮን ማለቴ ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰኝም፣ ለበዓል ጉርሻ ስናገኝም ባንክ ወስጄ ከዋናው አስቀንሳለሁ። አንቺ ግን ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። ቀድሞ መክፈል ቅጣት አለው ወይ? ወለዱን ባንኩ በፈለገ ጊዜ ይጨምራል ወይ? አንዳችሁ ብትሞቱ ዕዳውን የሚከፍል የሕይወት ኢንሹራንስ አለው ወይ? ቤቱ ገና በግንባታ ላይ ከሆነ ደግሞ ክፍያው የሚጀምረው መቼ ነው? ኪራይና የባንክ ዕዳ አንድ ላይ መክፈል ወገብ ያጎብጣል። ካርታውም በሁለታችሁ ስም ይሁን። ባለቤትሽን ስለማላምነው አይደለም፤ ስንቷ ሴት ስትቸገር ስላየሁ ነው።

አሁን ዕድሜሽን አስቢ። 45 ዓመትሽ ነው። ብድሩ የሚያልቀው 60 ሲሞላሽ፣ ጡረታ በምትወጪበት ዓመት ነው። ያኔ በእጅሽ ምን ይኖራል?

ጡረታውን በሥራዬ ስለማውቀው ልንገርሽ። ከደመወዝሽ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሲጀመር፣ በ2003 ነው አንቺም የገባሽው። 60 ሲሞላሽ 30 ዓመት ይሆንሻል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። ያንቺ 55 በመቶ ይመጣል ማለት ነው። የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል አይቆጠርም። ዋናው ደመወዝ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ሊወጣ ሲል ነው፤ እያለቀሱ ከቢሮዬ የወጡ ሰዎች አይቻለሁ። በቅጥር ደብዳቤሽ ላይ አበሉ ትልቅ፣ ደመወዙ ትንሽ ከሆነ ዛሬውኑ አነጋግሪያቸው። መዋጮው በስምሽ ገቢ እየተደረገ መሆኑንም አረጋግጪ።

አባዬን ታስታውሺዋለሽ። ከፋብሪካ በጡረታ ወጥቶ የመጀመሪያውን ወር ሲቀበል በግ ገዝቶ ነበር የገባው። አሁን ብሩን ከመሐረቡ ፈትቶ አልጋው ላይ ያስቀምጥና ለሦስት ይከፍለዋል። ለመድኃኒት፣ ለመብራት፣ ለእድር። ሲጨርስ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። የቀረውን እኛ ነን የምንሞላው። ጡረታው ጭማሪ ቢደረግበትም ኑሮው ይቀድመዋል።

የእማማን ቤት አትሽጪ የምልሽ ለዚህ ነው። ባንክ ያስቀመጥነው 7 በመቶ ሲያስገኝ፣ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ይህ ሁሉ ሲሆን የእማማ ቤት እዚያው ቆሟል። የማንም ዕዳ የለበትም። ዩኒቨርሲቲውና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከመጡ ወዲህ እዚህ ከተማ የኪራይ ቤት ፈላጊ ሞልቷል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄጄ አየሁት። ጣሪያው ደህና ነው። የሳሎኑ በር አብጦ አልዘጋ ብሏል። ጓሮ ያለውን ጎመን ጎረቤቶቹ እያጠጡት ነው፤ እማማ የተከለችው ነው አሉኝ። ሦስቱን ክፍል ብታከራዩት በየወሩ ገቢ ይሆናችኋል። በ60 ዓመትሽም ኪራዩ ከኑሮው ጋር አብሮ ይጨምራል። ጡረታሽ እንዲህ አያደርግልሽም።

ታዲያ ቅድመ ክፍያውን ከየት እናምጣ ትይኛለሽ። ባለ ሦስት መኝታው ይቅርና ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ኮንዶሚኒየም ፈልጉ። ወይ ሁለት ዓመት ታገሡና የኪራዩን ገንዘብ አጠራቅሙ። ልጆቹ ይጠባሉ ትያለሽ፤ እኔና አንቺ አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው። ምንም ቢሆን ግን የሦስት ወር ወጪያችሁን ሳትነኩ አስቀምጡ። ሥራ ቢቆም፣ ሰው ቢታመም ባንኩ አይጠብቅም።

ወንድምሽ ስለ አክሲዮንም ጠይቆኛል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አክሲዮን ሲሸጥ አንዱ 300 ብር ነበር፤ ከ33 አክሲዮን በታች መግዛት አይቻልም ነበር። እኔም በቴሌብር 9,900 ብር ከፍዬ 33 ገዛሁ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል፤ እየቆየ መሸጥና መግዛቱ ይቀልላል ብዬ አምናለሁ። ትንሽ ትንሽ መግዛት ጥሩ ነው። ነገ ለማትፈልጊው ገንዘብ ብቻ ግን። ለአክሲዮን ብሎ መበደር ከመጣ እኔ የለሁበትም፤ ለወንድምሽም እንዲሁ ብዬዋለሁ። ዕቁቡን አትተዪ። ወለድ የለውም፤ ግን እጅሽን ይዞ ያስቆጥብሻል።

ውሉን ሳትፈርሚ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው። ባለቤቴ አናጺ ስለሚያውቅ የሳሎኑን በር ሳምንት እናስጠግናለን፤ ሒሳቡን እኔ እችላለሁ። ለፋሲካ ልጆቹን ይዘሽ ነዪ። እማማ ቤት እናድራለን። አልጋውን አነጥፌ እጠብቅሻለሁ።

ያንቺው አስካለ