ለፋሲካ የታዘዙ ጽጌረዳዎችን ስላለማስረከባችን

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃንና የአካባቢው ደንበኞቻችን፣

ለፋሲካ ያዘዛችሁትን ጽጌረዳ ባለማስረከባችን ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። «ቅጠሉ አረንጓዴ፣ እምቡጡ ሙሉ ነበር፤ ለሌላ በውድ ሸጣችሁት» መባሉ ግን ከልብ አሳዝኖኛል።

ለማንም አልሸጥንም። ተክሎቹ ላይ ያገኘነው ቀይ ሸረሪት የተባለውን ተባይ ነው። ቁመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ተክሉ ላይ ላዩን ጤነኛ ይመስላል። ቅጠሉን ገልብጣችሁ በአጉሊ መነጽር ብታዩት ግን ስምንት እግር ያለው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ጥቁር ነጥብ የያዘ ፍጥረት ይርመሰመሳል። የተመጠጠው ቅጠል በመርፌ የተጠቀጠቀ ይመስል በነጫጭ ነጠብጣብ ይሞላል። ድር ማድራት ከጀመረ ደግሞ በጣም ተራብቷል ማለት ነው።

«በዚህ ብርድ አገር ምን ተባይ አለ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ውጭው ውርጭ ቢሆንም ላስቲክ ቤቱ በበጋ ቀትር ይሞቃል፣ ይደርቃል፤ ቀይ ሸረሪት የሚወደውም ይህንኑ ነው። ሙቀት ካገኘ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዕድገት ሁለት ሳምንት እንኳ አይፈጅበትም።

«መድኃኒት ረጭታችሁ አትሸጡም ነበር?» ለሚለው፣ ይህ ተባይ የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለም። ለክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ ለሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) የሚረጨው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ እሱን ትቶ የሚበሉትን ጠላቶቹን ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ተባዩ ይብሱን ይበዛል። ክሽክሽ ቢሆን ቅጠሉ በጣፋጭ ፈሳሽ ይጣበቅ ነበር፤ ትሪፕስ የሚባለው ሌላ ጥቃቅን ነፍሳት ቢሆን ቅጠሉ ብርማ ሆኖ የጥቁር ኩስ ነጠብጣብ ይታይበት ነበር። ለይተን ሳናውቅ የምንረጨው ነገር የለም። ትክክለኛው መድኃኒትም ውድ ነው፤ እንቁላሉ እየተፈለፈለ ስለሚተካም ደጋግሞ መርጨት ግድ ይላል። የላስቲኩ፣ የማዳበሪያውና የመኪናው ወጪ በተጨመረበት ዓመት ይህን ሁሉ ተክል ማስቀረት ለእኔ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ይህን ሥራ የጀመርሁት በእናቴ ጓሮ የጌራኒየም ቅርንጫፍ እየቆረጥሁ በመትከል ነው። ያን ጊዜ የገዙኝ ሰዎች ዛሬም ይመጣሉ። በየግቢያችሁ ያለው ጽጌረዳም አብዛኛው ከእኔ የሄደ ነው፤ አንድ የታመመ ተክል አጠገቡ ቢቀመጥ ሁሉም ይያዛል። ያንን አውቄ በበዓል ስም እንዴት ላስረክባችሁ?

ቀብዱን የሚፈልግ በማንኛውም የሥራ ቀን መጥቶ ይውሰድ። መጠበቅ ለምትችሉ ግን፣ እባካችሁ ትዕዛዛችሁን አትሰርዙብን፤ ንጹሕ መሆኑን ደጋግመን ያየነውን ተክል በቀድሞው ዋጋ እንሰጣችኋለን። የቤታችሁ አበባ ካጠራጠራችሁም ጥቂት ቅጠል በተዘጋ ፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ያለ ክፍያ በመነጽር አብረን እናየዋለን።

የችግኝ ጣቢያው ባለቤት
ደብረ ብርሃን