ጎማ የሚነፋበት የብረት አጥር ይሠራልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ደብረ ሲና የምሠራ ጎሚስታ ነኝ። የጎማ መፍቻ ብረቴን ከአሮጌ ባሌስትራ (የመኪና ሞላ ብረት) ራሴ ነው ያዘጋጀሁት። ጫፉ በደንብ መለስለስ አለበት፤ አለዚያ ካላማዳሪ ይቀድዳል። ባሌስትራ ላይ ግን አትበይዱ! ብየዳው ያረፈበት ቦታ ተሰባሪ ይሆናል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ የጭነት መኪና ጎማ ነው። ባለ ቀለበት ቸርኬ (ጎማውን በብረት ቀለበት የሚይዝ የጎማ ብረት) ቀለበቱ በትክክል ካልገጠመ፣ ጎማው ሲነፋ ቀለበቱ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። የጣርማ በርን ዳገት ወጥተው ወርደው የሚመጡ ከባድ መኪኖች በየቀኑ እኛ ጋ ይቆማሉ። ጎማቸውን የምንነፋው ሜዳ ላይ ነው፣ ያውም ልጆች ከበው እያዩ። በየሰፈሩ ያሉ በያጆች ከወፍራም ብረት፣ ጎማው ውስጡ ሆኖ ሲነፋ የሚስፈነጠረውን ቀለበት የሚያግድ አጥር ሊሠሩልን ይችላሉ። የሰሜን ሸዋ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ንድፉን ሰጥተው ጥንካሬውን ቢፈትሹልን እንለምናለን። እስከዚያው ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ረጅም የአየር ቱቦ ተጠቀሙ፤ ከቀለበቱ ፊት ለፊትም አትቁሙ።

አንድ ጎሚስታ፣ ከደብረ ሲና