ማረጤን ታይፎይድ አሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ የምሰፋ የ49 ዓመት ሴት ነኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ የጀመረኝ ባለፈው ኅዳር ነው። የደሴን ኅዳር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጋቢ ያስደርባል። እኔ ግን ሌሊት በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ። ከደረቴ ተነስቶ ወደ አንገቴና ወደ ፊቴ የሚወጣ ሙቀት ነው። ጥቂት ደቂቃ ያነደኛል፣ ላብ በላብ ያደርገኛል፣ ከዚያ ብርድ ብርድ ይለኛል። ተነስቼ መስኮት እከፍታለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ይላል። እኔስ ምኑን አውቄው!

በዚያ ሰሞን ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ሰንብቼ ስለነበር ወባ መሰለኝ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወባ የለም፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ላቡ እንዳለ ነው። ተመልሼ ሄድኩ፣ አሁንም ታይፎይድ። በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ! ሆዴ ተበላሸ። ዩኒፎርም ሰፍቼ ያገኘሁት ብር አለቀ። ሦስቱንም ጊዜ ዕድሜዬን ካርዱ ላይ ጽፈውታል። የወር አበባሽ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። አንዴ በሦስት ሳምንት፣ አንዴ በሁለት ወር እየመጣ ግራ ካጋባኝ ዓመት አልፎታል።

የነገሩኝ ጎረቤቴ እትዬ ናቸው። ቡና ላይ ቶናው ሲቀዳ ፊቴ ቀልቶ በነጠላዬ ሳራግብ አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ የማረጥ ነው። እኔንም ሦስት ዓመት አንድዶኛል» አሉኝ። ሃያ ዓመት ጎረቤት ነን። ስለ ወሊዱም፣ ስለ ኀዘኑም ያላወራነው የለም። ይህን ግን አንስተነው አናውቅም። ያ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

ኋላ አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ብዙ ሴት የሚያርጠው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ አንጎላችን የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠርበት ቦታ ይረበሻል፤ ሙቀቱም ላቡም ከዚያ ይመጣል። አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው። እስከዚያ ድረስ ማርገዝም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ደም ከታየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። አጥንትም ከማረጥ በኋላ ቶሎ እየሳሳ ይሄዳል። ደግሞ ለሚበረታባት ሴት ሕክምና አለው። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ዓይኔም እንደዚሁ ነው። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቶኝ ስንት ጊዜ የጎረቤት ልጅ ጠርቻለሁ። በአርባዎቹ ዕድሜ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ የቅርቡን ማየት እንደሚያስቸግር፣ መፍትሔውም የቅርብ መነጽር እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። መነጽሩን አድርጌ ስሰፋ እውላለሁ።

ስለ ጎረምሳ ትጽፋላችሁ፣ ስለ አረጋውያንም ትጽፋላችሁ። መሀል ላይ ስላለነውም ጻፉልን። ጤና ባለሙያዎችንም አደራ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት «አላበኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ» ብላ ስትመጣ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት ስለ ወር አበባዋ ጠይቋት።

ካወጣችሁት እሁድ ለዕቁባችን ሴቶች ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከደሴ