ለደንበኞቻችን፦ ጽጌረዳችሁ ቅጠሉን ሲያራግፍ

ውድ ደንበኞቻችን ሰላም ናችሁ? ክረምቱ ከገባ ጀምሮ በቴሌግራም የሚላክልን ፎቶ አብዛኛው አንድ አይነት ነው፣ ቢጫ የሆነ የጽጌረዳ ቅጠልና ከስሩ "ምን መድሃኒት ልግዛ?" የሚል። መድሃኒት ብንሸጥላችሁ አንጠላም፣ ነጋዴ ነን እኮ፣ ግን በሽታውን ሳትለዩ የምትገዙት ብር ማባከን ነው፣ መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት።

አዲስ አበባ ላይ በዝናቡ ወቅት በጣም የሚያስቸግረው ብላክ ስፖት የሚባለው ፈንገስ ነው። ጠርዙ ያልተስተካከለ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል፣ ከታች ጀምሮም ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ውሃ የጠማው ይመስለውና በጎማ ከላይ ያርከፈክፍበታል፣ ፈንገሱ ግን ለመብቀል የሚፈልገው ይሄንኑ ነው፣ ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ከቆየ ይበቃዋል። ስለዚህ ማጠጣት ካስፈለገ ጠዋት፣ ስሩ ላይ ብቻ። የረገፈውን ቅጠል በደንብ ልቀሙና አስወግዱ፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሩት፣ መሬት ላይ ከተተወም ዝናቡ እያፈናጠረ መልሶ ያመጣዋል። መሀሉ የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ንፋስ እንዲገባው አድርጉ፣ መቀሱንም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉት። ማንኮዜብ የሚባለው የፈንገስ መድሃኒት የሚጠብቀው ጤነኛውን ቅጠል ነው፣ "ረጨሁት ግን ነጥቡ አልጠፋም" ለምትሉን፣ አይጠፋም፣ አዲሱ ቅጠል ንፁህ ሆኖ ከወጣ ሰርቷል ማለት ነው።

ነጥቡ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ካደላ፣ ከላይ ለጋው ላይ ከጀመረና ቅጠሉ ሲነኩት እርግፍ ካለ ግን ዳውኒ የሚባለው ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳትቆዩ ንገሩን፣ እሱ ፈጣን ነው።

በጋ ላይ ደግሞ እምቡጡና ለጋው ቅጠል ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይጠቀለላል፣ ፓውደሪ የሚባለው ፈንገስ ነው። ይሄኛው ቅጠሉ እንዲረጥብለት አይፈልግም፣ ደረቅ ቀንና ቀዝቃዛ እርጥበታማ ሌሊት ይበቃዋል። ሰልፈር ጥሩ ነው፣ ግን በቀትር ፀሐይ አትርጩ፣ ዘይትነት ያለው መድሃኒት ከረጫችሁም ቢያንስ 2 ሳምንት ይለፈው፣ አለበለዚያ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ጓንትና ማስክ አትርሱ።

ከቅጠሉ ጀርባ ቀጭን ድር ካያችሁ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፣ የፈንገስ መድሃኒት ምንም አያደርገውም፣ ጠዋት ጠዋት ጀርባውን በውሃ ግፊት እጠቡት።

ፎቶ ስትልኩልን እባካችሁ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ ሁለቱንም አንሱ፣ ሙሉ ተክሉንም ራቅ ብላችሁ አንድ ጨምሩበት።